ሰጥማ የወጣችው ሰርጓጅ መርከብ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። አርብ ገበያ ያለው ቤታችን ደህና ነው፤ ቆርቆሮውን ግንቦት ላይ አስቀየርን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አትውልም። ወፍጮህን ወንድሜ በመብራት አደረገው፤ የናፍጣው ሞተር ድምፅ ከሠፈሩ ጠፋ። እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለዚያች ሰርጓጅ መርከብ ነው።

ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ መካኒክ ሳለህ አሠልጣኝህ የነገራችሁን ታሪኳን በደብተር ጽፈህ ይዘኸው መጣህ። ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርታ፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለች የአየር ማስገቢያዋ ሳይዘጋ ጠለቀችና ሰዎቿን እንደያዘች ሰጠመች። ጎትተው አወጧት። ሙታኑን ቀበሩ፤ እሷን ጠግነው፣ ስሟን ለውጠው፣ መልሰው ለጦርነት ላኳት። በስተርጅና ለብረት ተሸጠች። አንተን የገረመህ መስጠሟ አልነበረም። እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ፣ “ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ የገባባት ሰው ምን ብሎ ገባ?” ትል ነበር።

ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ይሥቁብህ ነበር። ብረት ውኃ ውስጥ ገብቶ ይወጣል ቢባል ማን ይመን! ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጓደኞቼ “የዓሣው ልጅ” እያሉ ቢያበሽቁኝ፣ “አባቴ ይዋሻል፤ ባሕሩ አሳብዶታል” አልኋቸው። ለካስ ጆንያ ተሸክመህ ከኋላዬ ቆመሃል። አልተቆጣህም። ጆንያውን አወረድህ፣ ሚዛኑን አስተካከልህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስለ መርከቧ አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣችም። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅህ ሄድህ።

ባለፈው ወር ደብተርህን ከሣጥን አውጥቼ በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት ጽሑፍ ጋር አመሳከርሁት። መስጠሟም፣ መውጣቷም፣ ስሟ መለወጡም እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ስተሃል፦ አንተ ሁሉም አለቁ ብለሃል፤ አባዬ፣ ግማሾቹ በሕይወት ወጥተዋል። ይህን ብትሰማ እንዴት ደስ ባለህ!

ሰኞ ዕለት ታሪኩን ለተማሪዎቼ አነበብሁላቸው። ስጨርስ ማንም አልሣቀም። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ “ማን ነው የጻፈው?” አለችኝ።

“አባቴ ነው” አልኋት።

ይቅር በለኝ፣ አባዬ። ከጽሑፍህ ግርጌ፣ በሕይወት የወጡ እንዳሉ በእጄ ጨምሬልሃለሁ። በሙት ዓመትህ ቄሱ ስምህን ሲጠሩ፣ ስማቸውን የማላውቀውን እነዚያን የሞቱ መርከበኞችም በልቤ አብሬ አስባለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ስምህን ሳይሰማ አይሄድም።

ልጅህ