ሰንሰለትህን መልሻለሁ

ፍሎሪዳ፣ ከምንጩ አጠገብ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2009

ውድ ልጄ ዌንደል፣

ታንኳዬን አሰርክብኝ። በገና ሰሞን ልትጠይቀኝ መጥተህ፣ ራቴን አብረኸኝ በልተህ፣ በማግስቱ አርባ ዓመት የቀዘፍኩትን ታንኳ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ጠፍረህ ቁልፉን ይዘህ ወደ ሚኒሶታ በረርክ። «አባዬ፣ ዓይንህ አያይም፤ ወንዙ ይበላሃል» አልከኝ። ወንዙን ከተውኩ ይህን ቤት ለምን እጠብቃለሁ?

ምክንያትህ ያ አዞ ነው። አዎ፣ ግንድ መስሎኝ መቅዘፊያዬን አስደግፌበት ታንኳዬን ገፋሁ። ግንዱ ጥሎኝ ሄደ። ከሁለታችን ይበልጥ የደነገጠው እሱ ነው። ይህን ለምእመኑ ሁሉ ማውራት ግን አልነበረብህም። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ሆሲያ፣ ግንዱ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

እንግዲህ ስማ። ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ወርጃለሁ። ሰንሰለትህን አልነካሁም። በመጋዝ የቆረጥኩት ምሰሶውን ነው፤ እሱ ሲወድቅ ሰንሰለቱ ላላ፣ ታንኳውም ተንሸራቶ ወጣ። በረንዳው ትንሽ ዘመም ብሏል። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜአለሁ።

ጎረቤቴ አይዴላ ከፊት ተቀመጠች። ልትጠብቀኝ አይደለም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንዝ አልወረደችምና ነው። ከምንጩ አፍ እስከ ድልድዩ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ኤሊዎቹ ከግንድ ላይ ተራ በተራ ወደ ውሃው ሲወድቁ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ። አይዴላ «ያየሁት ዘጠኝ ነው» ትላለች። ሽመላው በላያችን ሲያልፍ ቀና ማለት እንኳ አላስፈለገኝም፣ በክንፉ ድምፅ ለየሁት።

መታጠፊያው ላይ ማናቲዎቹ፣ እነዚያ ሣር የሚግጡ የውሃ ግዙፎች፣ ነበሩ፤ ከባሕሩ ብርድ ሸሽተው ለብ ያለው የምንጭ ውሃ ውስጥ የገቡ፣ እናትና ግልገል። ትንፋሻቸውን ሰማሁና መቅዘፊያዬን አነሳሁ። እነሱ ሲያልፉ እንደማይቀዘፍ እናትህ አስተምራሃለች። ያቺ ግዙፍ እንስሳ ከሥራችን ስታልፍ የታንኳው ወለል ጉልበቴን ከፍ አደረገው።

ከዚያ ውሃው ሲወስደን አይዴላ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ከፊታችን አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሟል። ጥቁር መሆኑን አይቻለሁ።

«አይዴላ፣ ግንድ ነው?» አልኳት።

በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ወንዝ ላይ ሰው ስጠይቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«አዞ ነው» አለች። «በግራ እለፍ። ደግሞ እንዳትደገፍበት።»

በግራ አለፍኩ። አልተደገፍኩበትም።

በሚመጣው ቅዳሜም እንወጣለን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ይህን ደብዳቤ የምትጽፈውም እሷ ናት፤ እጄን ስለደከመኝ ነው። «ትንሽ አለስልሰው፣ ልጅህ እኮ ነው» ትለኛለች። የምልሽን ጻፊ ብያታለሁ።

ሰንሰለትህ ከነጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ በዚሁ ሣጥን መጥቶልሃል። ሚኒሶታ ውስጥ በእሱ የምታስረው ነገር አታጣም። ስትመጣ የታንኳው መሃል ባዶ ነው፤ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ግን መቅዘፊያ አይሰጠውም።

እግዚአብሔር አንተንም ልጆችህንም ከዚያ በረዶ ይጠብቃችሁ። ስለ ሰንሰለቱ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም። አንተም እንዳታነሳብኝ።

አባትህ፣
ሆሲያ ስታርሊንግ