ሽማግሌ እያለ ክስ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬም ግማሹ ክፍል ዘግይቶ ገባ። ማስቲካ እያኘኩ ስለ ሕግ ይከራከራሉ። አንዱ ጎረምሳ «ማዘር፣ ኖትዎን ያውሱኝ» አለኝ። እናትህ አይደለሁም አልኩት። ግን አዋስኩት።

መምህሩ የልጅ ልጄ እኩያ ነው፤ ሲያስተምር ግን አይቀልድም። የዛሬው ስለ ይርጋ ነበር። ያላግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መክሰስ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ካለፈ አለፈ።

እጄን አወጣሁ። ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ከሆነስ?

«ሽማግሌ መላክ ይርጋ አያቋርጥም፣ እማማ። አሠሪው በጽሑፍ ካላመነ በቀር።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ጫልቱን ነበር የማስበው።

ጫልቱ ጎረቤቴ ናት። ወሰን ሰፈር ባለ የሶፋ ወርክሾፕ ጨርቅ ትሰፋ ነበር። ልጇን ሳንባ ምች ይዟት ጥቂት ቀን ብትቀር፣ ባለቤቱ ግርማ «ከእንግዲህ አትምጪ» አላት። ከመስቀል በኋላ ያለው ሰኞ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ በቀለና እኔ ሽማግሌ ሆነን እየተመላለስን ነው። እኛ ስንመላለስ ጊዜዋ እያለቀ ነው። አንድ ሳምንት ቀርቷታል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄድኩ።

«ሽማግሌ እያለ ክስ? ደግሞ በጾም?»

ሦስት ወሩ ሊሞላ ነው አልኳቸው።

«ግርማ ከገና በኋላ እንነጋገር ብሏል። ቃሉን ሰጥቶናል።»

ቃሉን በወረቀት ይስጠን አልኩ።

«የሺ፣ ይህን ማስተርስ ስትጀምሪ ፈርቼ ነበር። በስተርጅና የተማረ ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ይፈትናል።» ሳቁ። ቀጥለው ግን፣ ልጅቷ ከከሰሰች ከሽምግልናው ወጥቻለሁ አሉ።

እሳቸው ከወጡ ግርማ የሚሰማው ሰው የለም። ካልከሰሰች ደግሞ ሥራዋ ቀረ። መምህሩ ለዚህ ምዕራፍ የለውም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ለጫልቱ ሁሉንም ነገርኳት። ወዲያው እምቢ አለች።

«እትዬ፣ ልጄን ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሱልኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። እንዴት እረግጣቸዋለሁ?»

አልተጫንኳትም። ውሳኔው የእሷ ነው። በር ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

«አባቴም አያት ሰፈር የነበረው መሬቱ ሲወሰድበት፣ ሰው እያነጋገረልኝ ነው ሲል ኖረ።» ወደ በሩ መጣች። «መቼ ነው የምንሄደው?»

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ያለን፦ የሥራ መታወቂያ፣ የልጅቷ የሕክምና ወረቀት፣ ለመመስከር የተስማሙ ሁለት ሰዎች።
የሌለን፦ የቅጥር ውል፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የጋሽ በቀለ ምርቃት።

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ። ስርዝ ድልዝ አልወድምና ደግሜ ገለበጥኩት። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጠን። ጫልቱ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው።

ስንመለስ ጋሽ በቀለ አዩን። መንገድ ተሻገሩ። ሰላም ሳይሉኝ ሲያልፉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ከገብርኤል መልስ በር ተንኳኳ። ጋሽ በቀለ ናቸው።

«ግርማ ክሱን ሰምቷል። ጠርቶናል፤ ነጠላሽን ልበሺ።»

ወጥቻለሁ አላሉም ወይ ልል ነበር። ተውኩት። ታክሲ ውስጥ ሒሳቤን ከፈሉልኝ፤ እስከ ወሰን ግን በመስኮት ሲያዩ ሄዱ።

ግርማ ቆሞ ጠበቀን። «እርስዎ እያሉ ልከሰስ፣ ጋሽ በቀለ? ክሱን ታንሳና ነገ ትግባ።»

አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «መጀመሪያ የመመለሻ ደብዳቤዋን ጻፍ። ክሱ ያኔ ይነሳል።»

«አያምኑኝም ማለት ነው?»

«ሦስት ወር አመንኩህ።»

ግርማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደብዳቤው ጠዋት ይደርሳል አለ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ አላነበብኩም። ጫልቱ አመሻሽ ላይ ከሥራ መጣች። ደብዳቤው ፊርማም ማኅተምም አለው። ቃል በቃል አነበብኩት፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ክሱን ረቡዕ ሄደን እናነሳለን።

ፊቷ ግን አልተፈታም። የስፌት መኪናዋን ለሌላ ሰጥተውባታል፤ እሷን በሩ አጠገብ ብርድ ላይ አስቀመጧት። ግርማ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ እየተመላለሰ አንዴም አላናገራትም።

ቅዳሜ የተሰጠን የቤት ሥራ ይኸው ነው፦ በውሳኔ የተመለሰን ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር እንዴት እናስማማለን? እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ነገስ ምን ልታደርጊ ነው አልኳት።

«ነገ እኔ ቀድሜ ደህና አደሩ እላቸዋለሁ። ዝም ቢሉ ከነገ ወዲያም እላቸዋለሁ።»

ከሄደች በኋላ ይህንኑ መልስ አድርጌ ጻፍኩት። መምህሩ ምንጭ መጠየቁ አይቀርም።