ጠዋት የሚረጭ መድኃኒት

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ዱባ እየዳርኩ ነው። አትሳቅብኝ፣ ማስታወሻዬ። ወንዱን አበባ ቀጥፌ፣ ብናኙን ሴቷ አበባ ውስጥ አሻለሁ። አማቴ ከደጅ ቆመው ሳቁ። ለዱባዋ ሽማግሌ ልኬ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ይህ የንብ ሥራ ነው። ንብ የለማ!

ባለፈው ሳምንት የማዶው ቀበሌ ለተምች መድኃኒት ረጨ። በበቆሎው መሀል ቦሎቄ አብቧል፤ ንቦቻችን እዚያ ነበር የሚውሉት። ከአማቴ ሁለት ቀፎ አንዱ ባዶ ቀረ። የረገፉትን በመጥረጊያ ጠረግኳቸው። ሁለተኛው በሕይወት አለ፤ ድምፁ ግን አንሷል። እሱም ከሄደ ይህን ሁሉ ዱባ በእጄ ልዳር ነው? በቆሎው እስኪደርስ ክረምቱን የምንገፋው በዱባ ነው። ፈርቻለሁ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ፣ ከት/ቤት መልስ

ዛሬ ስለ ነፍሳት አስተማርኩ። ለአበባ፣ ለአፈር፣ ለወፍ ምን እንደሚጠቅሙ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዷ ተማሪ፣ ባይኖሩስ አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን የቤት ሥራ ነው ብዬ አለፍኩ። ጎበዝ አስተማሪ!

ከዚያ ማዶ ተሻገርኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። እበት በእንጨት ገለበጥኩ፤ አንድ ጢንዚዛ የለም። የሸረሪት ድር ባዶውን ተንጠልጥሏል። የረገፈ ተምች የለቀሙ ዶሮዎች አልቀዋል አሉ። ወፍ እንኳ አልሰማሁም። በቆሎው ለምለም ነው፣ ያምራል፣ ግን ጭር ብሏል። በሩጫ ተመለስኩ። ትልቅ ሴትዮ፣ በቀን፣ ከበቆሎ ማሳ ስትሸሽ።

ግንቦት 9፣ ዓርብ

ሰኞ የመርጨት ተራው የእኛ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ አባወራ በሙሉ። ዘመቻ ሁልጊዜ ጠዋት ነው፤ እርከንም ጠዋት፣ ችግኝም ጠዋት። ስለዚህ መድኃኒቱም ጠዋት፤ ልክ ንቦቹ አበባ ላይ ሲያርፉ።

አይረጭ አላልኩም። ተምቹ የእኛንም በቆሎ እየጨረሰ ነው። ሲመሽ ይረጭ ነው ያልኩት። ያኔ ንቡ ገብቷል፤ ተምቹ ደግሞ ለመብላት የሚወጣው ያኔ ነው።

ለሊቀመንበሩ፣ ለጋሽ ዳና፣ ነገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሪፖርቱ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ወረዳ መድረስ አለበት አሉኝ። ማታ ከሆነ ቀበሌያችን መጨረሻ ይወጣል። ሲሸኙኝ ፈገግ ብለው፣ ወደ ባሌ ከተማ የጠየቅኩት ዝውውር የት እንደደረሰ ጠየቁኝ። ለደግ ይሁን ለክፉ አልገባኝም።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ባሌ መ. ከሶዶ ደወለ። ከሠርጋችን ጀምሮ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ተበላ ከተማ አጠገብ። ዝውውሬ ሊፈቀድ ትንሽ ቀርቶታል። ዝም በይ አለኝ። ፀረ ልማት ይሉሻል፣ ወረቀትሽ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል አለኝ። ውሸቱን አይደለም። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁበት። ወዲያው ናፈቀኝ። አለቀስኩ።

ግንቦት 11፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነገው ዘመቻ ተነገረ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ባየሁት ጊዜ አፈርኩ።

መምህር ስለሆንኩ የዘመቻው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ጠዋት ስም እጠራለሁ፤ የቀረ ይቀጣል። ስም ሳይጠራ መርጫ ለማንም አይታደልም። ነገ በገዛ ድምፄ ላሰማራቸው ነው።

አማቴ ነገሩን ሁሉ ያውቃሉ፤ መ. ነግሯቸዋል። ቀፎው ሥር ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ንቡ ይሙት ልጄ፣ ተይው። አንቺ ባልሽ ጋ ሂጂ» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ወደ ቀፎው አላዩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡45

ቸኩያለሁ፤ ጽሑፌን ይቅር በለኝ። ሰዉ ቀበሌው በር ላይ ተሰብስቧል፤ ከዚህ ከቀፎው አጠገብ ይሰማኛል። ፀሐይ ወጥታለች። ንቦቹ አንድ አንድ እያሉ ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ ወደ ቦሎቄው ነው የሚሄዱት።

ሶዶን አሰብኩ፣ መ.ን አሰብኩ። ወረቀቴ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ ታየኝ። ሌላ ሰው ስም እንዲጠራ ሊያደርጉም ይችላሉ። ይህንንም አስቤዋለሁ።

ቢሆንም ሄጄ እዚያው መሀላቸው እቆማለሁ። ስም የምጠራው ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው እላቸዋለሁ። ድምፄ ከተቆረጠ ደግሜ እላለሁ። ጋሽ ዳና ከቀበሌው በር እየተጣሩ ነው። መጣሁ አልኳቸው፤ የስም ዝርዝሩን ይዤ እየወጣሁ ነው።