ቡቺ ሰው ይወዳል፣ ውሮ ቤት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2 ቀን 1989

ገባን። ሲኤምሲ፣ አዲሱ ቤታችን ነን። ወገቤ ተቆርጧል።

ውሻችን ቡቺ ማንም ሳይጠራው ፒካፑ ላይ ዘሎ ወጣ። እንደደረስን የጎረቤቱን ዘበኛ እጅ ላሰ። ይሄ ውሻ ለሌባም ጅራቱን ይቆላል። ድመታችንን ውሮን ግን ግቢውን ሙሉ አባረን ነው የያዝናት። እማዬ «መንገዱን እንዳታይ ጆንያ ውስጥ ክተቷት፤ አፉንም እሰሩት» ብላ ነበር። ባሌ አበራ መገናኛ ላይ አሳዘነችውና ፈታላት። ጭኑ ላይ አስቀምጦ መንገዱን በመስኮት እያሳያት መጣ።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ውሮ የለችም።

እማዬ አበራን አኩርፋዋለች። ሻንጣዋ እንደተቆለፈ ነው። መጀመሪያም ቦሌን መልቀቅ አልፈለገችም። ዛሬ «ድመቷ እንኳ ቤቷን ታውቃለች። እኔም እዘሪቱ ጋ ሄጄ እኖራለሁ» አለችኝ። እትዬ ዘሪቱ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ትርፍ ክፍል አላቸው። ፈራሁ። እሷ ከሄደች ይሄ ሁሉ ቤት ምን ያደርግልኛል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

እትዬ ዘሪቱ ቢሮ ደወሉልኝ። ውሮ የድሮ ቤታችን ጣሪያ ላይ ናት። ከሲኤምሲ እስከ ኤርፖርቱ ጀርባ በእግሯ! ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ቡቺ ቢሆን ደስታው ሽንቱን ያስለቅቀው ነበር። እሷ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ተናደድኩ፣ ግን እንባዬም መጣ።

ጆንያ። አፉን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ታክሲ ውስጥ እስክንደርስ ጮኸች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

እማዬ ክፍሏን ዘግታ ከውሮ ጋር ተቀምጣለች። ውሮ አልጋ ሥር ናት፤ ሥጋም አልነካችም። እማዬ «የምታውቀው ሽታ ጠፍቶባት ነው» አለችና ሻንጣዋን ከፈተች። ጋቢዋን፣ ቀሚሶቿን፣ የአባዬን ኮት ሳይቀር ወለሉ ላይ ዘረጋች።

ቡቺ በሩ ሥር አፍንጫውን ወትፎ ያለቃቅሳል። እሱ ሰው ይኑር እንጂ የትኛውም ቤት ቤቱ ነው። ግን እማዬ ውሻ ቤት አይገባም ባይ ናት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ውሮ በላች። ከዚያ ባዶው ሻንጣ ውስጥ ገብታ ጥቅልል ብላ ተኛች።

አበራ በር ላይ ቆሞ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ «እማማ፣ እትዬ ዘሪቱ ጋ መቼ ላድርስዎት?» አላት።

«በምን ይዤ? ሻንጣዬ ተይዟል» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ልብሶቿን እያጣጠፈች ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች። በሩን አልዘጋችውም። ቡቺ ደፉ ላይ ተጋደመ፤ አየችው፤ አላባረረችውም።