በሰሌዳ ላይ ብቻ ስለዘነበው ዝናብ

ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.
አዋሳ

ለተከበሩ ጓድ ግዛቸው፣
የዕለት ዋጋና የአየር ሁኔታ ማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ፣
በያሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ ክፍልዎ እንደሚያወጣው የበቆሎ ዋጋ ክረምት ከበጋ ንቅንቅ የማይል፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎችዎ የረዘመ እንዲሆን ልባዊ ምኞቴን እገልጻለሁ። እኔ በገበያው በር የቆመውን ጥቁር ሰሌዳ ስምንት ዓመት ሙሉ በጠመኔ ስጽፍ የኖርኩት ጉልላት ነኝ። ግንቦት ፳፬ ቀን በፊርማዎ ካሰናበቱኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምጽፈው አጥቼ እጄን ስለበላኝ፣ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በፖስታ ብቻ ብልክልዎ ከመሳቢያዎ እንደማትወጣ ስለማውቅ፣ አንባቢ እንዳታጣ በማለት አንድ ቅጂ በገበያው በር እለጥፋለሁ። ድፍረቴን ባለፈው የካቲት ከታወጀው ቅይጥ ኢኮኖሚ ጋር ደምረው ይዩልኝ።

ለማያውቁን ሰዎች ስል የክፍላችንን ሥራ ባጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎም ከማያውቁት መካከል ስለሆኑ አብረው ቢያነቡት አይጎዳዎትም። ማለዳ ግቢያችን ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ አነባለሁ። ከዚያ እህል ተራውንና ከብት ተራውን ዞሬ ዋጋ እጠይቃለሁ። ያገኘሁትን በወረቀት ገልብጬ ሳቀርብልዎ፣ እርስዎ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርጉና ለበላይ አካል አስቀድመው የላኩትን የአሥር ቀን ሪፖርት አውጥተው «ይህን ጻፍ» ይሉኛል። እጽፋለሁ። በአገራችን ቀኑ ሳይመጣ የቀኑን ዋጋ፣ ደመናው ሳይታይ የደመናውን ልክ የሚያውቅ ሌላ መሥሪያ ቤት መኖሩን አልሰማሁም።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. መጋቢት ፳ ቀን ሐሙስ፣ ገበያ በቆመበት ዕለት፣ መለኪያው ውስጥ ያገኘሁት አንድ የሞተ ጢንዚዛ ብቻ ነበር። ጠብታ ውኃ አልነበረም። ሪፖርትዎ ግን «ሃያ ሁለት ሚሊሜትር» ስለሚል፣ በትእዛዝዎ «ለበልግ አመቺ የሆነ ዝናብ ዘንቧል፤ ገበሬው ዘሩን እንዲዘራ ይመከራል» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። ሰማዩን ሳያስቸግሩ ይህን ሁሉ ውኃ ስላዘነቡልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ. በዚያው ዕለት ከብት ተራ ውስጥ ደህና የእርሻ በሬ አራት መቶ ሰባ ብር ይጠየቅበት ነበር። ሰሌዳው ላይ ያስጻፉኝ ሦስት መቶ አሥር ነው። በቆሎ በኩንታል ስልሳ አምስት ሲሸጥ ሃያ ስምንት አስብለውኛል። የሰሌዳው ዋጋ አንድ ድንቅ ጠባይ አለው፤ ገበሬ ሲሸጥ ይሠራል፣ ገበሬ ሲገዛ ግን የትም አይገኝም።

፫ኛ. ይህን ሦስተኛውን በአንድ መስመር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ከከተማችን ወጣ ብላ ካለችው ከቱላ ወዲያ የሚኖር ደበሌ የሚባል ገበሬ አለ። ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ የምስክር ወረቀት የተቀበለ፣ ወረቀቱንም ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ያን ሐሙስ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን እየነዳ መጣ። ባለፈው ዓመት ምርቱ ከድቶት ለዘር ያስቀመጠውን ጭምር ስለበሉት፣ ዝናብ ገብቶ ከሆነ በሬውን ሽጦ ዘር ሊገዛ፣ ካልገባ ደግሞ በሬውን ይዞ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ጣቱን እያስከተለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ ጉልላት፣ ይሄ ዝናብ እውነት ነው? በእኛ በኩል አቧራ ነው እኮ።»

እርስዎ በዚያች ሰዓት የጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ላይ ቆመው ጥርስዎን በስንጥር ይጎረጉሩ ነበር። አየሁዎት፤ አዩኝ። እኔም «እንደተጻፈው ነው» አልኩት። ስምንት ዓመት ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ አሁንም ጉሮሮዬ ውስጥ የቀረችው ይህች ናት።

«መንግሥት ከለካው እንግዲህ ወደ እኛም ይመጣል» ብሎ በሬውን ወደ ከብት ተራ ነዳ።

የገዛው ሙህዲን ነው፤ በከብት ተራው የታወቀ ነጋዴ። ከሰዓት በኋላ ሲያገኘኝ እየሳቀ፣ ግን ደስ ሳይለው፣ «ሰውዬው ገና ሳልጠይቀው ሦስት መቶ ሃያ አለኝ፤ ከሰሌዳው አሥር ብር ጨምሬ አታለልኩት ብሎ ነው መሰለኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ አራት መቶ ሰባ ልከፍል ተዘጋጅቼ ነበር። ሰው ራሱ ዝቅ ሲል ነጋዴ ከፍ ይበል?» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ቀንሶ፣ «አለቃህ ግን ሰሌዳውን አላነበበም። በጓሮው ያደለበውን ሰንጋ ዛሬ ጠዋት በአምስት መቶ ሃምሳ ነው የሸጠልኝ፤ አንድ ብር አልቀነሰም» አለኝ።

ጓድ ግዛቸው፣ በዚህ አጋጣሚ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት እወዳለሁ። ጠዋት ጠዋት የማቀርብልዎትን ወረቀት ወደ ጎን የሚያደርጉት ንቀውት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ለግልዎ እያስቀመጡት ኖሯል።

ደበሌ በበሬው ዋጋ ዘሩን በስልሳ አምስቱ ሒሳብ ገዛ፤ የቀረችውን ብር ለዕዳና ለጨው አዋላት። ቅዳሜ የጎረቤት በሬ አቀናጅቶ፣ በደረቁ አፈር ላይ ዘራ። ጎረቤቶቹ «ቆይ እንጂ» ቢሉት፣ «በዓይኔ አንብቤ መጣሁ» አላቸው። ከሳምንት በኋላ ካፊያ ጣለ፤ ዘሩን ለማታለል የምትበቃ ያህል። በቆሎው ጣት ሳያህል ብቅ አለ፣ ከዚያ ፀሐይ መታችው፣ ቢጫ ሆነ፣ ተኛ።

ሚያዝያ ፳፪ ቀን ሰኞ ደበሌ ከሚስቱ ከአበበች ጋር ጽሕፈት ቤትዎ መጣ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አበበች ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ፣ አፈሩን ከነደረቀው ቡቃያ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰሌዳው ላይ የዘነበው ዝናብ የት ገባ?» አለች።

እርስዎም በዚያ የትምህርት ደረጃዎ በሚፈቅደው ትዕግሥት፣ «እናቴ፣ ዝናቡ በአማካይ ዘንቧል» ብለው አስረዷት።

«እኛ ዘሩን አማካይ ላይ አልዘራንም፤ መሬት ላይ ነው የዘራነው።»

ደበሌ እርስዎን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። እርስዎ አፈር እንዳይነካው ሪፖርትዎን ከጠረጴዛው አነሡና «ጉልላት፣ ይህን አስጠርግ» አሉኝ። የማስጠርገው ሰው ስላልነበረ በእጄ ጠረግኩት። አመድ ይመስል ነበር፤ በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ።

ሐሙስ ማለዳ መለኪያውን አነበብኩ፣ ገበያውን ዞርኩ፣ ወረቀቱን ለእርስዎ ሳላቀርብ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። «ዝናብ፦ የለም። ከመጋቢት ጀምሮ በድምሩ አራት ሚሊሜትር። በሬ፦ ከአራት መቶ ሰባ እስከ አምስት መቶ። በቆሎ፦ ሰባ። ዘር ያለው ዘሩን ይያዝ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት እህል ሻጭ አስነብባ ከሰማች በኋላ «ዛሬ ማን ሞቶ ነው እውነት የተጻፈው?» አለች፤ ሰውም ሳቀ። ዘራቸውን በጀርባቸው ተሸክመው የመጡ ሁለት ገበሬዎች ተነጋግረው ወደ መጡበት ሲመለሱ በዓይኔ አየሁ። ቀለል አለኝ፤ አልዋሽዎትም።

እውነቱ አምስት ቀን ሙሉ ሰሌዳው ላይ ቆየ። ሁለት ገበያ ዋለበት። እርስዎ ጠዋትና ማታ በፊቱ ያልፉ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ተደግፈውት ጫማዎን አሰሩ። ክፍልዎ የሚያወጣውን ማስታወቂያ እንደማያነቡ ሕዝቡ ይጠረጥር ነበር፤ እኔ በማስረጃ አረጋገጥኩለት። የደረሱበትም የበላይ አካል በስልክ «አዋሳ ላይ ዝናብ ጠፋ የሚባለው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ አደረጉልኝ። በሦስተኛው ላይ ተነሥቼ «የጻፍኩት ስሕተት ነው ወይ?» ብዬ ስጠይቅዎ የሰጡኝን መልስ ለትውልድ እንዲቆይ እዚህ አሰፍረዋለሁ፦ «ስሕተት አይደለም፤ ግን ከሪፖርቱ ጋር አይገጥምም።» የስንብት ደብዳቤዬ ላይ የሰፈረው ጥፋትም «ያልተጠናቀረ መረጃ ለሕዝብ መግለጽ» የሚል ነው። ከማስታወቂያ ክፍል በማስታወቅ ጥፋት የተባረረ የመጀመሪያው ሰው ስላደረጉኝ ክብሩ ይሰማኛል።

፬ኛ. ይህ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ የማቀርበው ነው። ባለፈው ሳምንት ቱላ ወርጄ የደበሌን ቤት ጠይቄ ደረስኩ። ዝናቡ በግንቦት አጋማሽ ገብቶ ነበር፤ እርሱ ግን ዘርም ሙሉ ጥማድም አልነበረውም። አንዱን በሬ ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ፣ ዘመዶች ባዋጡለት ቦሎቄ ከማሳው ሩቡን ሸፍኗል። የቀረው ባዶ ነው። ልጆቹ እንዲበሉ አበበች ገና ሁለት ዓመት መቆየት የነበረበትን እንሰት ነቅላለች።

«ያን ቀን ስትጠይቀኝ እንዳልዘነበ አውቅ ነበር» አልኩት።

«ፊደል ስማር ደስ ያለኝ» አለ፣ «ሰው ሳልጠይቅ አንብቤ መሄድ መቻሌ ነበር። አንብቤ ደግሞ ሰው ጠየቅኩ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ኖሯል?»

አበበች አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ያለ ዕድሜው ከተነቀለው እንሰት የጋገረችውን ቆጮ በቅጠል አድርጋ አቀረበችልኝና «ብላ፣ ሩቅ መንገድ ነው» አለችኝ። እንደዚያ የከበደኝ ጉርሻ በሕይወቴ አላውቅም። ከግድግዳው ላይ የነበረው የምስክር ወረቀት አልነበረም፤ የት እንደገባ አልጠየቅኩም። ቦሎቄው እስኪደርስ ሳምንት በሳምንት እየወረድኩ በጉልበቴ ላግዘው ተስማምተናል፤ አረም ማረም ከጠመኔ ይቀላል ብዬ አልዋሽም፣ ግን ማታ እንቅልፍ ይሰጣል።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ወደ ሥራዬ እንዲመልሱኝ አይደለም። ሰሌዳውን እንዲያወርዱት ነው። ባዶ ግድግዳ ማንንም በሬ አያሸጥም።

ስምንት ዓመት በፊርማዎ ጥላ ሥር የዋሸ፣
አምስት ቀን በራሱ እጅ የጻፈ፣
ይቅርታውን ለደበሌና ለአበበች፣ የቀረውን ሁሉ ለእርስዎ የሚያቀርብ፣

ጉልላት
ከታቦር ተራራ ሥር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ በሐይቁ በኩል ጠቁሮ ኃይለኛ ዝናብ ጀምሯል፤ እዚህ ከደጃፌ ሆኜ ሳየው የጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፋይሎቹም ከመስኮቱ ሥር ናቸው። ነገር ግን ከመሰናበቴ በፊት አዘጋጅተው የላኩት ሪፖርት እስከ ሰኔ ፲ ቀን ደረቅ መሆኑን ስለሚያረጋግጥ፣ ተነሥተው ይዘጉ ዘንድ ላስቸግርዎት አልደፈርኩም።