ዝንጀሮ የሚፈራው ኮት

ፀዲዬ፣

ቀወት ወረዳ፣ አክስቴ መሊካ ዘንድ ነኝ፤ ማሽላዋን ከዝንጀሮ እንጠብቃለን። ዝንጀሮ ሴት ስለማይፈራ የአጎቴን ኮትና ባርኔጣ አልብሳኛለች። እንዳትስቂ።

የእኛ የደብረ ብርሃን ጭላዳ ሣሩን እየነጨ ሰውን ከቁብ አይቆጥርም፤ የዚህ ቆላ ዝንጀሮ ግን እንደ ኬላ ፈታሽ ቦርሳ ይበረብራል። ትናንት አንድ ጎብኚ ከመኪና ወርዶ ለመንጋው አውራ ሙዝ ዘረጋለት።

"ተው ልጄ፣ ይነክስሃል!" አለችው አክስቴ።

"አያስቡ እናቴ፣ አውሬም ፍቅር ይገባዋል።"

አውራው ሙዙን ውጦ ቦርሳውን ያዘ። ሰውየው አለቅም ሲል ጣቴን የሚያህል ጥርሱን አወጣና እጅጌውን ቦጨቀው። ጓደኞቹ መኪናው ውስጥ ተቆልፈው ይቀርጹታል። አክስቴ ድንጋይ ብትወረውር ዞር ብሎም አላያት። ክፍል ውስጥ "አቤት" ማለት የምፈራው እኔ ጮኼ ሮጥኩበት። ሸሸ!

ሰውየው፣ "ተባረክ ወንድሜ! ወንድ ባይኖር አልቆልኝ ነበር" አለኝ።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ፤ ሹሩባዬ ትከሻዬ ላይ ወረደ።

"ባርኔጣውን ቶሎ መልሺው" አለች አክስቴ፣ "እሱስ ይወቅ፣ ዝንጀሮው እንዳያውቅብን!"

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽንና ትንሿን ሊያን ሳሚልኝ። ትምህርት ሲከፈት ኮቱን ተውሼ ልምጣ ይሆን?

ሲሃም