ከወረቀቱ ጀርባ የነበረው

ውድ ሚናስ፣

እሑድ ዕለት አድያም ግሮሩድ ቤቴ ድረስ መጥታ በሬን አንኳኳች። አድያም ማን እንደሆነች ታውቃለህ፤ አላውቃትም ብለህ ብትምልም ታውቃለህ። ሣጥን 212 ውስጥ ፋይሏ የነበረው፣ በስድስት ዓመቷ በሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ከእናቷ ከሓረጉ ተወስዳ ሰው ቤት ያደገችው ልጅ ናት። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፦

"ያ ሰውዬ መለሰልሽ?" አለችኝ።

"አልመለሰም።"

"ስንት ጊዜ ጻፍሽለት?"

"አራት።"

"እንግዲያው አንቺ ነሽ የፈጠርሽው" አለች፣ በኖርስክ። ከኖርዌዮቹ ቋንቋ ሌላ ያስተማራት የለም። "እኔን ለማጽናናት ብለሽ ነው። ደግ ነሽ። ግን ተይኝ።"

ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ "ደግ ነሽ" የባሰ ሆነብኝ። ስለዚህ አምስተኛውን እጽፍልሃለሁ፤ በዚህኛው ሁሉንም ከሥሩ ነው የምጽፈው።

ከሊንደሩድ ማዶ ያለውን መጋዘን አስታውስ። አንዲት ትንሽ ኮሙነ የማዘጋጃ ቤቷን የአርባ ዓመት የሕፃናት ጉዳይ ፋይሎች ወደ ዲጂታል እንድንቀይርላት ለመሥሪያ ቤታችን ሰጥታ ነበር። እኔ ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቼ ሽቦውን እነቅላለሁ፣ አንተ በስካነር ታሳልፋለህ፣ እኔ የወጣውን አይቼ እፈርማለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ወረቀቱ ወደ መቁረጫው ይሄዳል።

የካቲት ላይ ነበር ያንን ቅጽ ያገኘሁት። ፊቱ ላይ በኖርስክ "እናት ተቃውሞ አላቀረበችም" ይላል፣ ከሥሩ የሓረጉ ፊርማ አለ። ገለበጥኩት። ጀርባው ሙሉ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ እርሳሱ ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው። ፊደሉ የእኛው ፊደል፣ ቋንቋው ትግርኛ። እኔ "ጓለይ"፣ ልጄ፣ የሚለውን ብቻ ለየሁ። እናትህ በትግርኛ ያሳደገችህ አንተ ነህና ቆመህ አነበብክልኝ፦

"ልጄን አልሰጠሁም። ለሁለት ሳምንት ነው ብለው ነው ያስፈረሙኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ፊቱ የቢሮው ነው ብዬ በጀርባው ጻፍኩ።"

ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ነበር። አየኸው፣ ግን አላነበብክልኝም።

"እሱስ ምን ይላል?" አልኩህ።

"ይቅርብሽ። ይሄ ለልጅቷ ነው" አልክ። መነጽርህን አወለቅክ።

ስካነሩ ባዶ የመሰለውን ገጽ በራሱ እንደሚዘል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። "ለዚህ ሣጥን መዝለሉን አጥፋው፣ እርሳሱ ፈዛዛ ነው" ብዬ ለመንኩህ። "አጥፍቼዋለሁ፣ የወረቀት ጠበቃ!" ብለህ ሳቅክብኝ። አላጠፋኸውም ነበር። እኔም የወጣውን ሳልከፍት ፈረምኩ። የራሴን ጥፋት ለማንም አላሸክምም፤ ግን ለምን እንዳልከፈትኩት አሁን ልንገርህ። አንተን ማመን ደስ ይለኝ ነበር። ያን የበረዶ ወራት ሁሉ አብረን የምንበላበት ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ነበር የምሠራው። አንድም ቀን አልነገርኩህም።

ግንቦት ላይ ወረቀቱ ተቆራረጠ። መስከረም ላይ አድያም ፋይሏን ጠየቀች፤ ጥያቄው እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ከፈትኩት። ስድሳ ሦስት ገጽ። ጀርባው የለም። ለልጅቷ እውነቱን ነገርኳት፣ ቀጥሎ ለአለቃችን ለቱርሂል።

ስብሰባውን አልረሳህም።

"ባዶ ገጽ ሰነድ አይደለም" አለች ቱርሂል።

"ባዶ አልነበረም።"

"ማን አየው?"

ወደ አንተ ዞርኩ። አንተ ወደ መስኮቱ ዞርክ። "እንዲህ ያለ ወረቀት አላስታውስም" አልክ።

የሌለ ሰነድ ፈጥራ ለባለጉዳይ ተናግራለች ተብዬ ተባረርኩ። ለቤተ መዛግብት ሠራተኛ ከዚህ የከፋ ክስ አለ? ሐኪምን መርዝ አጠጣ እንደማለት ነው። ሰባት ቦታ አመለከትኩ፤ ሰባቱም ቱርሂል ጋ ደወሉ።

የመኖሪያ ፈቃድህ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶት እንደነበር አውቃለሁ። ፈርተህ ነበር፣ እሺ። ፈቃድህ በታኅሣሥ ታደሰ፣ በርገን ሄድክ፣ የተሻለ ሥራ አገኘህ። አሁንስ ምን ያስፈራሃል?

ዩኒቨርሲቲ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርነው ምን ነበር? ሰነድ ማለት ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ በምን ላይ ጻፈው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ ማለት ነው ተብለናል። ያ የዲጂታል መዝገብ ሥርዓት ስለ አድያም ፋይል ሁሉን ያውቃል፤ ስካን የተደረገበትን ሰከንድ ያውቃል፣ የእኔን ፊርማ ያውቃል። የጎደለውን ግን አያውቅም። ስድሳ ሦስቱን ቆጥሮ "የተሟላ" ይላል፣ ሰውም ማሽኑን ያምናል። ሓረጉ ልጇ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ሞታለች። ቃሏ ዛሬ የሚገኘው በእኔና በአንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው መስመር ደግሞ በአንተ ብቻ። ነገ መኪና ቢገጭህስ? እንዲህ እያሰብኩ ነው የምውለው፤ ያበድኩ እስኪመስለኝ ድረስ ለጤናህ እጸልያለሁ።

እሑድ ዕለት አድያም ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ዞረች። "እውነት ከሆነ ለእነሱም ጻፊ። ስሜንም ጨምሪ" አለች።

አራቱን ደብዳቤ ለአንተ ብቻ ነበር የላክሁት። የዚህን ቅጂ ግን ነገ ጠዋት ለኮሙኗ እልካለሁ። ሕጉን ታውቃለህ፦ ስለ አንድ ጉዳይ የገባ ደብዳቤ ይመዘገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። ለሕዝብ ዝግ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ሊጥሉት አይችሉም። በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው፤ አስተርጓሚ ይጥሩና በየመስመሩ ይቀመጡበት። ስለ ምሳ ሰዓቱ ያልኩትንም ያነቡታል። ያንብቡት።

ከነገ ጀምሮ አድያም ፋይሏን በከፈተች ቁጥር አንተን ታገኝሃለች፣ "አላስታውስም" ያለ ሰው ሆነህ። ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን ገጽ የምትጽፈው አንተ ነህ።

መልስህን ለእኔ አትላክ፣ ለኮሙኗ ላከው። ይቅርታ አትጻፍ፣ ምክንያት አትደርድር። ያንን አንድ መስመር ብቻ፣ በትግርኛ፣ እሷ እንዳለችው። ከሥሩ ሙሉ ስምህን አስፍረህ ፈርም።

ፀደይ
ግሮሩድ፣ መጋቢት